ካርቦን ቤት ውስጥ ማጽዳት፦ ማጽጃ ከመግዛታችሁ በፊት ካርቦኑ የት እንዳለ እወቁ

#1 · ካንዴላ16 · ድሬዳዋ

«የቱን ማጽጃ ልግዛ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል፤ መልሱ ደግሞ ሁልጊዜ የጣሳ ስም ነው። ጠያቂው ገዝቶ ታንክ ውስጥ ይጨምራል፣ ለውጥ ያጣል፣ «ማጭበርበሪያ ነው» ብሎ ይተወዋል። ችግሩ ካርቦን ሞተር ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ አለመሆኑ ነው። አንዱን የሚያጥበው ሌላው ጋ አይደርስም። ስለዚህ ይህ ክር በየቦታው ይሁን።

ትሮትል ቦዲ (ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው) ላይ የሚጋገረው በዘይት ትነትና በአቧራ የተቦካ ጥቁር ቅባት ነው። ምልክቱ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ ነው፦ ኤሲ ሲበራ ወይም መሪ ሲጠመዘዝ ሞተሩ ልጥፋ ልጥፋ ይላል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ግን ጤነኛ ነው። ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው፤ ከሁሉም የሚቀለውም ይሄው ነው።

የመግቢያ ቫልቭ ጀርባ ላይ የሚከማቸው በዋናነት ቤንዚኑን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች ችግር ነው። በከተማችን የሚበዙት ቪትዝ፣ ያሪስ፣ አሮጌው ኮሮላና ዲዛየር ግን ቤንዚኑን የሚረጩት ከቫልቩ ጀርባ ነው፤ ቫልቩ በየዙሩ ይታጠባል። የእነዚህ ባለቤት ለቫልቭ ማጽጃ የሚከፍለው ብር ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው።

የፒስተን ራስና የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓዳ፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ክፍተት ላይ የሚቀመጠው ዳገት ላይ ያንኳኳል። የፋሻው (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ቦይ ውስጥ የሚገባው ደግሞ የዘይቱን ፋሻ ስለሚያጣብቀው መኪናዋ ዘይት ትበላለች። ናፍጣ የራሱ ዓለም አለው፤ የሚያውቁት ይጻፉበት።

ከምንም በፊት ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) አውጡና አንብቡ። ነጩ ሸክላ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅና ጥቁር ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ጥቁር ሆኖ እርጥብና ቅባታም ከሆነ ዘይት ገብቷል። ስልክ ላይ የሚሰካው ባለ 5.5 ሚሊ ሜትር ካሜራ ታይዋን ገበያ ከተገኘ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብታችሁ የፒስተኑን ራስ እዩ። መሃሉ ደረቅ ግራጫ ሆኖ ዳርና ዳሩ በዘይት ታጥቦ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ዘይቱ የመጣው ከፋሻ በኩል ነው። ጠቅላላው እኩል ደረቅ ከሆነ ፒስተኑን አትንኩት።


#2 · ገንደቆሬ_ራዲያተር · ድሬዳዋ

ጥሩ ጅምር ነው፣ ግን ድሬ ላይ ስለ ካርቦን ተወርቶ ራዲያተሩ ካልተነሳ ግማሹ ቀርቷል።

የድሬ ውሃ ጠጣር ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ቱቦዎቹ ሲጠቡ መኪናዋ ደንገጎ (ወደ ሐረር የሚያስወጣው ዳገት) ላይ ትሞቃለች። መፍትሔ ተብሎ ቴርሞስታቱ (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ) ወጥቶ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ከተማ ውስጥ ሞተሩ ሙቀቱ ላይ አይደርስም። ሴንሰሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ስለሚያስነግር ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፤ ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ሳቢያን እየተባለ በሚሄድ አጭር ጉዞ ትርፉ ቤንዚን ጥቀርሻ ሆኖ ይቀራል። ውጭ 35 ዲግሪ ነው ማለት ሞተሩ ሞቋል ማለት አይደለም። ለሞተር 35 ብርድ ነው።

ይባስ ብሎ ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሌላም ሥራ አለው። ሲከፈት በጎን የሚያልፈውን መንገድ ይዘጋል። እሱን አውጥታችሁ ስትጥሉ የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተር ይመለሳል፤ ዳገት ላይ የባሰ ልትሞቅ ትችላለች።

ያለ መሣሪያ እንዲህ ይታያል፦ ጠዋት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሱ። ቴርሞስታት ካለና ከሠራ ራዲያተሩ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይሞቃል። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ላይኛውና ታችኛው ጎማ ቱቦ አብረው ቀስ እያሉ ከሞቁ ወይ የለም፣ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል። ስልክ ላይ የሚገናኘው፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ኦቢዲ ማንበቢያ ካላችሁ ደግሞ ከ10 ደቂቃ ጉዞ በኋላ የውሃው ሙቀት ከ75 በታች ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ ቪትዞች ላይ ማንበቢያው ላይገናኝ ይችላል፤ ማንበቢያው ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት።

አዲስ ስትገዙ ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ቀቅላችሁ እዩት። የቶዮታዎቹ የ1ኤንዜድና የ1ዜድዜድ ሞተር ቴርሞስታት ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ላይ መክፈት ይጀምራል። ራዲያተሩ ታጥቦ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ይግባበት። ይህ ሳይሆን ካርቦን ማጽዳት ብሩን መበተን ነው፤ ተመልሶ ይመጣል።


#3 · ነጯ_ቪትዝ · ድሬዳዋ

ቪትዝ፣ በፈረንጅ 2003፣ 1.3 ሞተር፣ አውቶማቲክ። ኤሲ ሲበራ ሚኒሞ ይወርዳል። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ግማሽ ሊትር ዘይት ትጠይቃለች። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ሦስቱ ካንዴላዎች ቡናማ ናቸው፤ የ2ኛው ጥቁርና እርጥብ ነው። ቴርሞስታት አላት፣ አሁን አየሁት። ከየቱ ልጀምር?


#4 · ካንዴላ16 · ድሬዳዋ

እህቴ፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያለሽ። ሚኒሞው የትሮትል ነው፤ ዘይቱ ሌላ ነው። ትሮትሉን ዛሬ ጨርሺው፣ ሰላሳ ደቂቃ ነው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቺ። ከአየር ፊልትሮ የሚመጣውን ቱቦ ፋሼታውን አላልተሽ አውጪ። ማጽጃውን ቀጥታ አትርጪ፤ ጨርቅ ላይ ረጭተሽ የቢራቢሮውን (ውስጡ የሚዞረውን ክብ መዝጊያ) ዳርና ቢራቢሮው ሲዘጋ የሚነካበትን የግድግዳውን ቀለበት ጥረጊ። ሚኒሞን የሚያበላሸው ያቺ ፀጉር የምታህል ክፍተት መደፈኗ ነው። ግትር የሆነው ላይ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ካቻቢቴና ብርጭቆ ወረቀት አይነኩትም፤ አንዳንዱ ላይ ከፋብሪካ የተቀባ ሽፋን አለ፣ ሲፋቅ ቢራቢሮው መንከስ ይጀምራል።

ያንቺ ሞዴል ብዙውን ጊዜ በኬብል የሚሳብ ነው፤ እሱ ከሆነ ከትሮትሉ ጋር ያለው ትንሹ የሚኒሞ ቫልቭም ይታጠባል። ዋናው ጥፋተኛ እሱ ሊሆን ይችላል። ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ እንዳይጠፋ፣ እንዳይቀደድም። በሞተር የሚንቀሳቀስ ኤሌክትሮኒክ ትሮትል ያላችሁ ግን ቢራቢሮውን በጣት ገፍታችሁ አትክፈቱ፤ ውስጡ ያለው ጥርስ ፕላስቲክ ነው።

የአየር መለኪያ ሴንሰር ካለ የካርቡሬተር ማጽጃ እንዳይነካው። ለእሱ የተሠራው ወይም ቅሪት የማይተው የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ ማጽጃ ብቻ፣ ከርቀት አሥር ያህል አጭር ርጭት፣ ምንም ሳይነካው፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ማድረቅ።

ሲገጠም ባትሪውን መልሺ፣ ቁልፉን ሳታስነሺ ለ30 ሰከንድ ክፈቺና ዝጊ፣ ከዚያ አስነስተሽ ነዳጅ ሳትረግጪ፣ ኤሲና መብራት ጠፍቶ 10 ደቂቃ ትሥራ። ቀጥሎ ኤሲ አብርተሽ 5 ደቂቃ። ኮምፒውተሩ በቆሻሻው ልክ የለመደውን እስኪረሳ ሚኒሞው ከፍ ሊል ይችላል፤ «አበላሸሁት» ብለሽ እንዳትደነግጪ።


#5 · ኮምፕሬሽን_ጌጅ · ሐረር

ስለ ዘይቱ። ጠዋት ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎማ ነው፤ ሌሊት በቫልቩ እግር ተንጠባጥቦ ያደረው ዘይት ነው የሚቃጠለው። ለዚያ ምንም ዓይነት ማጽጃ አይረዳም፤ ጎማ መቀየር ነው። ግማሽ ሊትር በ1,000 ግን ለቫልቭ ጎማ ብቻ ይበዛል። ሁለቱም ሊኖር ይችላል።

የሚለየው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን በምን ያህል ግፊት እንደሚጨምቅ መለካት) ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የነዳጁ ሪሌ ተነቅሎ፣ የኮይሎቹ ሶኬት ተፈትቶ፣ ነዳጅ እስከ ወለል ተረግጦ፣ የግፊት መለኪያው ጌጅ መውጣት እስኪያቆም ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዙር። ዝቅ ያለው ላይ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ዘይት ጨምሮ መድገም። ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ።

እዚህ ጋ ብዙ ሞተር በከንቱ ይፈታል። የ1ኤንዜድ መጽሐፍ 213 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ ዝቅተኛው 156 ይላል። ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ጤነኛው ሞተር ድሬ ላይ 185 አካባቢ፣ ሐረር ላይ 170 አካባቢ ያነባል። ዝቅተኛው ወሰንም እንደዚያው ድሬ ላይ ወደ 135፣ ሐረር ላይ ወደ 125 ይወርዳል። መጽሐፉን ይዞ «ሞተርህ ሞቷል» የሚል ሰው ከመጣ ከፍታውን ጠይቁት። ከቁጥሩ በላይ የሚነግራችሁ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ14 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም።

አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ካነበበ ደስ አይበላችሁ። ፒስተኑ ራስ ላይ የተከመረው ካርቦን ቦታ ስለያዘ ጓዳው ጠቧል ማለት ሊሆን ይችላል።


#6 · ካንዴላ16 · ድሬዳዋ

ፋሻ ተጣብቋል የሚያሰኝ ውጤት ከመጣ ቤት ውስጥ የሚሠራው ፒስተን መዘፍዘፍ ነው። በደንብ ልጻፈው፣ አደጋውም ጥቅሙም እዚህ ስለሆነ።

ሞተሩ ለብ ያለ ይሁን፣ ትኩስ አይደለም። ቴስታታው አልሙኒየም ነው፤ ግሎ ሳለ ካንዴላ ሲፈታ ጥርሱ አብሮ ይመጣል። ከመፍታታችሁ በፊት የካንዴላውን ጉድጓድ በአየር ንፉ፤ የድሬ አሸዋ እዚያ ተከማችቶ ነው የሚጠብቃችሁ። የካንዴላው ቁልፍ ለነዚህ ቶዮታዎች 16 ነው።

በየቀዳዳው ቀጭን እንጨት አስገብታችሁ የክራንኩን ፑሌጃ በቁልፍ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ፤ አራቱም ፒስተን መሃል ላይ እኩል ሲቆሙ ተዉት። ካልሆነ ሁለቱ አናት ላይ ሆነው ፈሳሽ የሚይዙበት ቦታ አይኖራቸውም።

ፈሳሹ ለዚሁ የተሠራ ማጽጃ ከሆነ መልካም፤ ካጣችሁ ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል። ሁለቱ ቶሎ ይለያያሉ፣ በየጊዜው እየናጣችሁ በስሪንጅ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ከ30 እስከ 40 ሚሊ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እዩ። አንዱ ጠጥቶ ጨርሶ ሌሎቹ ከያዙ በሽተኛውን አገኛችሁት፤ እሱን ደግማችሁ ሙሉ። ሌሊቱን ይደር።

ጠዋት የቀረውን በስሪንጅና በቀጭን ቱቦ መጥጣችሁ አውጡ። ይህን የዘለለ ሰው ካንዴላ ገጥሞ ሲያስነሳ ፈሳሽ ስለማይጨመቅ ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘውን ዘንግ) ያጎብጣል። የነዳጁ ሪሌና የኮይሎቹ ሶኬት እንደተፈቱ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ ወፍራም ጨርቅ ጥላችሁ ሞተሪኖውን ለ5 ሰከንድ ሦስት ጊዜ። የሚተፋው ጥቁር ውሃ ቀለም ይልጣል፤ ፓራፋንጎውን ሸፍኑት።

ካንዴላዎቹን በእጅ እስኪቆሙ አስገቡ። አዲስ ከሆነ ከዚያ ግማሽ ዙር ጨምሩ፤ ያገለገለ ከሆነ ራንዴላው ተጨፍልቋልና ጥቂት ብቻ፣ የዙር አሥራ ሁለተኛ ያህል። ክፍተቱ ለነዚህ ሞተሮች 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። አስነሱ፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሰፈሩን የሚሸፍን ነጭ ጭስ ይወጣል። ሳታስጮሁ ሚኒሞ ላይ ተዉት፣ ጭሱ ሲቆም አጥፉና ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀይሩ። ወደ ዘይት ቋቱ የወረደው ማጽጃ ዘይቱን አቅጥኖታል፤ በዚያ ዘይት መንገድ መውጣት ብሮንዝ (ክራንኩ የሚዞርበትን ማረፊያ) መብላት ነው። 1ኤንዜድ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ይወስዳል። የሚቀጥለውን ቅያሬ በ1,500 ኪሎ ሜትር አድርጉት፣ የላላው ካርቦን ፊልትሮውን ስለሚሞላው።


#7 · ሳቢያን_ልጅ · ድሬዳዋ

አቦ፣ አሴቶኑን ድሬ ላይ በቀን እንዳታደርጉት! በ56 ዲግሪ የሚፈላ ነገር ነው፤ በእኛ ቀትር ለብ ያለ ሞተር ውስጥ ገብቶ እስከ ምሽት ተንኖ ያልቃል፣ የሚቀረው የካምቢዮ ዘይት ብቻ ነው። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ጀምሩ፤ ካንዴላዎቹን ሳታጠብቁ መልሳችሁ አስቀምጡባቸው፣ ትነቱም ይቀንሳል፣ አሸዋም አይገባም።

እሳቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የአሴቶን ትነት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ እሳት ይይዛል፤ ከአየር ስለሚከብድም መሬት ለመሬት ይሄዳል። ግቢው ውስጥ ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለ፣ ሲጋራ ካለ፣ አይሆንም። የቤት ቫኪዩም አምጥቶ ፈሳሹን ልምጠጥ የሚልም አለ፤ የሞተሩ ብልጭታ ትነቱን ያቀጣጥለዋል።

ቲነር ይተካዋል ወይ ለምትሉ፦ እንደየሱቁ ቅልቅሉ ስለሚለያይ ምን እንደምታስገቡ አታውቁም። ላምባ ታንክ ውስጥ ጨምሩ የሚሉትን ደግሞ ጨርሶ አትስሟቸው። ላምባ የቤንዚኑን ኦክቴን ያወርዳል፤ ሊያጸዳ የተባለው ሞተር ማንኳኳት ይጀምራል።


#8 · ነጯ_ቪትዝ · ድሬዳዋ

ታንክ ውስጥ የሚጨመረውስ? ጭራሽ አይሠራም ማለት ነው?


#9 · ካንዴላ16 · ድሬዳዋ

ይሠራል፣ በቦታው። ጣሳው ላይ ፖሊኤተርአሚን ያለበትን ምረጪ፤ ቴክሮን ከእነዚህ አንዱ ነው። ኢንጀክተር፣ የቫልቭ ጀርባና የፒስተን ራስ ላይ ያለውን ለስላሳ ካርቦን በአንድ ታንክ ሙሉ ቀስ እያለ ያሟሟል። መጠኑ ጣሳው ላይ ለስንት ሊትር እንደተጻፈ ይሁን፤ እጥፍ ማድረግ እጥፍ አያጸዳም። ታንኩ ሊያልቅ ሲል ዘይት መቀየሪያሽ እንዲደርስ አስቢው፣ ከፊሉ ወደ ዘይት ስለሚወርድ። ፋሻ ቦይ ውስጥ ጠንክሮ የተጋገረው ላይ ግን ተስፋ አታድርጊ።

ከመዘፍዘፉ በፊት የፒሲቪ ቫልቩንም (የሞተሩን የውስጥ ትነት ወደ አየር መግቢያው የሚመልሰውን) እዪው። ነቅለሽ ስትወዘውዢው መንኳኳት አለበት፤ በሞተሩ በኩል ስትነፊበት በቀላሉ ያሳልፋል፣ በሌላው በኩል ይቸግራል። ከተደፈነ ዘይት ተገፍቶ ይወጣል፤ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ፋሻ ከመወንጀልሽ በፊት ቀይሪው።


#10 · ጀጎል404 · ሐረር

ካርቡሬተር ላላቸው ልጨምር። ሐረር ላይ የምናያቸው ፔጆ 404ዎች ኮምፒውተር የላቸውም፤ ድሬ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ሲገባ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። በዚያ ማስተካከያ ወራት ከሄደ ካንዴላው ደረቅ ጥቁር ይሆናል፣ ጓዳው ይሞላል። መኪናው የሚውልበት ከተማ ላይ ይስተካከል። ሁለቱንም የሚመላለስ ከሆነ ለሐረሩ ማጥበቅ አይበጅም፤ ድሬ ሲወርድ ቤንዚን አንሶት ይግላል። መሃል ላይ ይተው።

ቁልፉ ተዘግቶም ሞተሩ እየተንተከተከ አልጠፋም ካለ፣ የጋለ ካርቦን እንደ ካንዴላ እያቀጣጠለ ነው። ቤንዚኑ በኮምፒውተር የሚቆም መኪና ላይ ይህ አይታይም።

ቴስታታ ማንሳት ለሚያስብ አንድ ነገር፦ የ404 ሸሚዞች (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች) በውሃ የተከበቡ፣ ከታች በማኅተም ብቻ የተቀመጡ ናቸው። ቴስታታው ተነስቶ ሸሚዞቹ በመያዣ ሳይታሰሩ ክራንክ ከተዞረ ሸሚዙ ከፍ ይልና ውሃ ዘይት ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሊያጸዱ ጀምረው ሞተር የሚያወርዱት በዚህ ነው። ፒስተኑ ላይ ያለውን በእንጨት ወይም በነሐስ ብሩሽ፤ ዳሩን ግሪስ ቀብቶ ፍርፋሪውን እንዲይዝ፣ ከዚያ ግሪሱን ከነፍርፋሪው ማንሳት። የሚሽከረከር አሸዋማ ዲስክ አይቅረበው። ዱቄቱ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዝ ይፈጫል።


#11 · ሳቢያን_ልጅ · ድሬዳዋ

ጋሼ፣ የሸሚዙን ነገር ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ ሌላ ቦታ አይጻፍም። ውሃ በቱቦ እየሳበ የሚያጸዳውን ዘዴስ እንዴት ያዩታል? ቪዲዮው በየቦታው አለ።


#12 · ጀጎል404 · ሐረር

ይሠራል፣ ግን የሚሠራው ጓዳው ላይ ነው፤ እንፋሎቱ የፒስተኑን ራስ ያጥባል። ፋሻና ትሮትል ላይ ምንም የለውም። ውሃው ለባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ይሁን (አሲዱ አይደለም)፣ የቧንቧ አይደለም፤ በካርቦን ምትክ ነጭ ቅርፊት ልትጋግር ካልሆነ። ሞተሩ ሞቆ 2,000 ዙር ላይ ተይዞ፣ ከሕክምና ግሉኮስ መስጫ ቱቦ በሚንጠባጠብ መጠን፣ ከ10 ደቂቃ ባላነሰ 300 ሚሊ። ሞተሩ ድምፁን ካወረደ ወዲያው ቁም። ቱቦው ጠርሙሱ ውስጥ በነፃ ከተነከረ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ ይስበዋል፤ ከዚያ ስለ ካርቦን ማሰብ ይቀራል። እኔ ለኢንጀክሽን መኪና አልመክረውም፤ ታንክ የሚጨመረው በቂ ነው።


#13 · ናፍጣ_ብቻ · ድሬዳዋ

ናፍጣ ላይ፣ ከሁሉ በፊት፦ በሚሠራ ናፍጣ ሞተር መግቢያ ላይ ማንኛውንም የሚነድ ማጽጃ አትርጩ። ናፍጣ ሞተር የሚቆመው ነዳጁ ሲቆም ነው፤ እናንተ በአየሩ በኩል ነዳጅ ከሰጣችሁት ቁልፍ ዘግታችሁም ይሮጣል፣ እስኪፈነዳ። ለቤንዚን የተጻፈ መመሪያ ለናፍጣ አይሠራም።

የሃይሉክስ 2ኬዲና 1ኬዲ ሞተሮች ካርቦን ያለው ኢጂአር (ከተቃጠለው ጋዝ ከፊሉን ወደ ሞተር የሚመልሰው ቫልቭ) እና የአየር መግቢያው ኮሌክተር ውስጥ ነው። ከማርሚታ በኩል የሚመለሰው ጥቀርሻ ከዘይት ትነት ጋር ይቦካና ቀዳዳውን ግማሽ ያደርሰዋል። መፍታት ነው፣ አቋራጭ የለውም። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የውሃ ቱቦ ያለው ላይ ቱቦው ታንቆ፣ ኢጂአሩና ኮሌክተሩ ይወጣሉ። ኮሌክተሩ ሲነሳ የቴስታታው ቀዳዳዎች ወዲያው በጨርቅ ይደፈኑ፤ ጨርቆቹን ቁጠሯቸው፣ ሲገጠም እኩል ይውጡ። ወፍራሙን በፕላስቲክ ፋቁ፣ የቀረውን ናፍጣ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ በትኩስ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፣ እስኪደርቅ ንፉ። ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየሙን ራሱን ይበላዋል። የኢጂአሩ ኤሌክትሪክ ያለበት ጎን ውስጥ አይነከርም። ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መካከል የሚገባው ማኅተም) አዲስ፤ አሮጌው ከተመለሰ አየር ያፈስና ከበፊቱ የባሰ ጥቁር ጭስ ታያላችሁ።

5ኤል ሞተር ያላቸው ሚኒባሶች ብዙዎቹ ኢጂአር የላቸውም። የእነሱ ጥቁር ጭስ ኖዝል፣ ፖምፓ ወይም የታፈነ ፊልትሮ ነው፤ ካርቦን ፍለጋ አትድከሙ። የአወዳይ ጫት የሚጭኑት አይሱዙዎችም ሲነዱ አይተኙምና ካርቦን ብዙም አያውቃቸውም። የሚገድላቸው ሌላ ነው።


#14 · ጂዲአይ_ባለቤት · ሐረር

ቤንዚን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ሃዩንዳይ ያለንስ? ታንክ የሚጨመረው ቫልቩን አይነካውም ተብሏል።


#15 · ኮምፕሬሽን_ጌጅ · ሐረር

እውነት ነው፤ ቤንዚኑ ቫልቩን አይነካውም። ለኢንጀክተሩና ለፒስተኑ ግን ይጠቅማል።

ለቫልቩ የሚረጨው ማጽጃ ሞተሩ ሞቆ፣ 2,000 ዙር ላይ ተይዞ፣ ከአየር መለኪያው ሴንሰር በኋላ በአጭር በአጭሩ ይረጫል፤ ዙሩ ሲወርድ ቆም እያላችሁ። ከ3,500 ዙር አትለፉ፣ በተለይ ተርቦ ካለው። ጣሳው ሲያልቅ ለአንድ ደቂቃ ይሥራና ይጥፋ፣ ለአንድ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ መንገድ ይውጣ። ቀጭን ካርቦን ላይ ይረዳል። ከመጀመሪያው በየዘይት ቅያሬው ለሚያደርገው ሰው ነው የሚጠቅመው፤ 100,000 ያለፈ ሞተር ላይ ገጹን ብቻ ያለሰልሳል።

የጠነከረው በእጅ ነው። ኮሌክተሩ ተነስቶ፣ የሚሠራበት ሲሊንደር ቫልቮች ሙሉ በሙሉ መዘጋታቸው በክራንክ ተስተካክሎ፣ ወደ መግቢያው 20 ሚሊ ያህል ማጽጃ ፈስሶ ለግማሽ ሰዓት ይቆይ። በናይለን ብሩሽ ታሽቶ በስሪንጅ ይመጠጥ፣ ይደገም፣ በአየር ይነፋ። ቫልቩ መዘጋቱን የሚያረጋግጠው ፈሳሹ አለመውረዱ ነው። ለአራት ሲሊንደር ሙሉ ቀን ያዙለት። ዋልነት በሚባለው ፍሬ ቅርፊት ዱቄት በኮምፕሬሰር የሚደረገው የተሻለ ነው፣ ግን ለቫልቩ ጉድጓድ የሚሆን አፍና መምጠጫ ስለሚፈልግ የግቢ ሥራ አይደለም።


#16 · ነጯ_ቪትዝ · ድሬዳዋ

ትሮትሉ ተጠርጓል፣ ሚኒሞ ኤሲ በርቶም ቆሟል። ኮምፕሬሽን፦ 180፣ 160፣ 182፣ 180። 2ኛው ላይ ዘይት ሲጨመር 176 ሆነ።


#17 · ኮምፕሬሽን_ጌጅ · ሐረር

ለድሬ ሦስቱ ጤነኛ ናቸው። 2ኛው በዘይት ከፍ ስላለ ፋሻ ነው፤ ልዩነቱም ከ14 በላይ ነው። ካንዴላውም ያንኑ ይላል። መዘፍዘፉ የሚያዋጣበት ጉዳይ ነው፤ አራቱንም አድርጊ፣ 2ኛውን ግን ሁለት ሌሊት። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ለኪ። 170 ከደረሰ ተጣብቆ ነበር ማለት ነው። እዚያው 160 ከቀረ ፋሻው አልቋል፤ ሦስተኛ ጣሳ አትግዢ።


#18 · ገንደቆሬ_ራዲያተር · ድሬዳዋ

ዘይት ከተቀየረ በኋላ ደንገጎን ተጠቀሙበት። የላላውን ካርቦን የሚያቃጥለው ጭነትና ሙቀት ነው፤ ካንዴላ ራሱን የሚያጸዳው ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሲያልፍ ነው፣ ከተማ ውስጥ በሚኒሞ ያን አያገኝም። ዳገቱን ማርሽ ዝቅ አድርጋችሁ ከ3,000 እስከ 4,000 ዙር ለ20 ደቂቃ ያዙ። የሚፈለገው ዙር እንጂ ፍጥነት አይደለም፤ መታጠፊያውና የጭነት መኪናው ይታወቃል። ካንኳኳ እግር ማንሳት፣ የሙቀቱ መርፌ ከቦታው ከተነሳ መቆም።

ስትመለሱ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዛችሁ ውረዱ፤ ከታች ሜዳው ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ከኋላ የሚመጣውን ጭስ ሌላ ሰው ይይላችሁ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ውስጥ የመምጠጥ ኃይሉ ስለሚበረታ ዘይት በቫልቭ ጎማ ይገባል፤ ሰማያዊ ደመና አንዴ ቦግ ብሎ ከጠፋ ጎማው ነው። ዳገቱን ስትወጡም ሳያቋርጥ ሲያጨስ ከነበረ ፋሻ ነው።


#19 · ሳቢያን_ልጅ · ድሬዳዋ

እህቴ፣ አሮጌው ዘይትና የተመጠጠው ፈሳሽ በክዳን ጄሪካን ይቀመጥ፣ የአሴቶኑ ከዘይቱ ለብቻ። ዘይቱን የሚቀበሉ ጋራዦች አሉ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አታፍሺው፤ ውሃችን ከዚያው ከርሰ ምድር ነው የሚወጣው። ካንዴላ ስትገዢ ደግሞ አራቱንም አንድ ዓይነት፣ 2ኛውን ብቻ አትቀይሪ።